አትላንቲክን በመርከብ፣ ፕላኑ ከጎንደር ፒያሳ፦ ስለ አንድ የጉዞ ቢሮ የኔ ሪቪው

ፒያሳ፣ ከጣሊያን ጊዜ ሕንፃዎች በአንዱ ፎቅ ላይ ስላለች አንዲት ትንሽ የጉዞ ወኪል ቢሮ ነው የምጽፈው። ስሟን አልጠራም፣ ብጠራ ማስታወቂያ ነው ትሉኛላችሁ፣ ደግሞ የማማርርበትም ነገር ስላለኝ ስም ጠርቶ ማማረሩ ደስ አይለኝም። ፒያሳን የሚያውቅ ሰው ጠይቆ አያጣትም። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻታለሁ፣ አንዷን ለምን እንደቀነስኩ እታች አለላችሁ።

ቢሮዋ ያው እንደሌሎቹ ነች፣ የአየር ቲኬት ትቆርጣለች፣ የቪዛ ፎርም ትሞላለች። ድሮ ቱሪስቱ በሚጎርፍበት ጊዜ ስሜን ተራሮች የሚወጡ ፈረንጆችን ነበር የምታስተናግደው፣ ቱሪስቱ ሲጠፋ ወደ ቲኬትና ቪዛ ዞረች። የኛ ጉዳይ ግን ለነሱም አዲስ ነበር፣ እናትና አባቴን ከእንግሊዝ ኒውዮርክ ድረስ በመርከብ መላክ። አዎ በመርከብ። ኩዊን ሜሪ 2 በምትባለው፣ ከሳውዝሃምፕተን ተነስታ ብዙውን ጊዜ 7 ሌሊት ባሕር ላይ አድራ ብሩክሊን በምትደርሰው። ቢሮውን የሚይዘው ልጅ ስንነግረው አልሳቀም፣ የመጀመሪያውን ነጥብ እዛው ጋ ሰጠሁት፣ ምክንያቱም ከሱ በፊት ይሄን ነገር የነገርነው ሰው ሁሉ ስቆብናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው፣ ወላጆቻችን ባለፈው እሱ ጋ ሲሄዱ እማዬ ከዛ ረጅም በረራ ስትወርድ እግሯ አብጦ ጫማዋ እምቢ ብሎ በነጠላ ጫማ ነው ከኤርፖርት የወጣችው፣ ሐኪሟም ሌላ ጊዜ ከሄድሽ ጉዞውን ከፋፍዪው፣ አንድ ቦታ ተቀምጠሽ አትቆዪ አላት። አባባ ደግሞ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን አትላንቲክን ግድግዳ ላይ ባለ ካርታ በዘንግ እያሳዩ አስተምረው ውቅያኖሱን በዓይናቸው ያዩት ከአውሮፕላን መስኮት ብቻ ነው፣ ከዛ ውጪ ትልቅ ውሃ ካሉ ጎርጎራ ወርዶ ጣና ነው። ወንድሜ «አንዴ ነው፣ እኔ እከፍላለሁ» ሲል አባባ ምንም ሳይሉ ተነስተው የድሮ አትላሳቸውን ይዘው መጡ፣ በቃ ከዛ በኋላ ማን ይመልሳቸው። እማዬ ግን እስካሁንም «እብደት ነው» ነው የምትለው፣ ግን ልብሷን ማሰፋት ጀምራለች።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል፣ አውሮፕላን ስለሚፈራ ነው መርከብ የሚፈልገው የሚባል ዘመድ ካላችሁ ይሄ መፍትሔ አይሆንም። ከጎንደር ባሕር የለም። ከአዘዞ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሂትሮው (ለንደን ኤርፖርት) መብረር ግድ ነው፣ መርከቧ የምታስቀረው የአትላንቲኩን በረራ ብቻ ነው። ለእማዬ እግር ግን እሱ ነበር ዋናው።

አሁን ወደ ቢሮዋ ልመለስ። መጀመሪያ የሄድነው እዚህ አልነበረም፣ አዲስ አበባ ያለ ሌላ ኤጀንት ነበር በስልክ የያዘልን (እሱንም ስሙን ተዉት)፣ እሱ ሰውዬ ወላጆቼ ጊዜው ያላለፈ የአሜሪካ ቪዛ እንዳላቸው ሲሰማ «እንግሊዝ ላይ ትራንዚት ስለሆኑ ቪዛ አያስፈልጋቸውም፣ አትጨነቁ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ተቀበለን። የፒያሳው ልጅ ሁለቱን ፓስፖርት አገላብጦ አየና አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀው፣ «ከእንግሊዝ የሚወጡት በምንድን ነው?» በመርከብ ስንለው ብዕሩን አስቀመጠ። የአሜሪካ ቪዛ ያለው ሰው ያለ እንግሊዝ ቪዛ ማለፍ የሚችልበት አሰራር እውነት አለ፣ ግን በአውሮፕላን ገብቶ በአውሮፕላን ለሚወጣ ነው፣ ያውም እስከ ማግስቱ እኩለ ሌሊት ድረስ ብቻ። በባሕር የሚወጣ ሰው እዛ ውስጥ አይገባም፣ የእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልገዋል። ይሄን ባናውቅ ኖሮ ሁለት ሽማግሌዎች ቦሌ ላይ ሻንጣ ይዘው ሲመለሱ አስቡት፣ መርከቧም አትጠብቅም፣ የመርከቧም ገንዘብ አይመለስም። ለዚህ ብቻ 3 ኮከብ ይገባታል ባይ ነኝ። የአዲስ አበባው ሰውዬ ቅድሚያ ክፍያውን እስካሁን «ነገ» እያለ ነው።

ሌላም እዛው ላይ የያዘልን ነገር አለ፣ ወንድሜ ኦንላይን ያየው ርካሽ ቀን ነበር፣ ልጁ ዝርዝሩን ሲከፍተው ከሃምቡርግ የሚነሳ ሆኖ ተገኘ፣ መርከቧ አንዳንዴ ከሃምቡርግ ትነሳለች ወይ ሌላ የአውሮፓ ወደብ ትነካለች፣ እሱ ደግሞ ለኛ ፓስፖርት ሌላ ቪዛ፣ የአውሮፓውን ሸንገን ማለት ነው። ስለዚህ ምክሩ፣ ቀጥታ ሳውዝሃምፕተን ኒውዮርክ የሚለውን ብቻ ፈልጉ፣ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም በቪዛ ጣጣ ትቆጥቡታላችሁ።

የእንግሊዝ ቪዛውን ማመልከቻ እዚሁ ሞላልን፣ የጡረታ ማስረጃ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የቤት ካርታ፣ የጋብቻ ሰርተፊኬት፣ ወንድሜ የላከው የድጋፍ ደብዳቤ፣ አማርኛ የሆነው ሁሉ በፈቃድ ባለው አስተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ። አሻራ ግን አዲስ አበባ ነው፣ እሱን ማንም አያስቀርላችሁም፣ የጎንደር ሰው ለዚህ ብቻ በአውሮፕላን ደርሶ መልስ ይከፍላል፣ በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት። ልጁ ሁሉንም ወረቀት በቅደም ተከተል ክላሰር ውስጥ አድርጎ ለአባባ ሰጣቸው፣ አባባ ያንን ክላሰር ትራስጌያቸው አድርገው ነው የሚተኙት ማለት ይቻላል።

ስለ መርከቧም ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ክሩዝ ነው ብሎ ያስባል። ክሩዝ መርከብ ፎቅ ሆቴል ነው፣ ሙቅ ባሕር ላይ ከደሴት ደሴት እየዞረ ሰው የሚያዝናና። ኩዊን ሜሪ 2 ግን ውቅያኖስ ለማቋረጥ ተብላ ነው የተሰራችው፣ አፍንጫዋ ረጅም ነው፣ የሆዷ ብረት ወፍራም ነው፣ ፍጥነቷ ካስፈለገ በሰዓት ወደ 30 የባሕር ማይል ይደርሳል፣ የነፍስ አድን ጀልባዎቿም ማዕበል እንዳይመታቸው ከፍ ተደርገው ነው የተሰቀሉት። ዓለም ላይ በዚህ ስራ ላይ ያለች ብቸኛዋ እሷ ነች። ፈረንሳይ ሳን ናዜር ነው የተሰራችው፣ በፈረንጅ 2004 ንግሥት ኤልሳቤጥ መርቃ ስራ ጀመረች፣ ርዝመቷ 345 ሜትር፣ ከታች እስከ ላይ ቁመቷ 72 ሜትር። አባባ ይሄን ሲሰሙ ዝም ብለው ቆዩና «የፋሲል ግንብ 32 ሜትር ነው፣ አንዱን ባንዱ ላይ ብትደርቡት አይደርስባትም» አሉ፣ ልጁም ያን ጊዜ ነው ከልቡ የሳቀው። ድርጅቱ ኩናርድ ነው፣ የመጀመሪያ መርከቡ ብሪታኒያ አትላንቲክን ያቋረጠችው በ1840 ነው፣ ይሄን የነገረን ልጁ ሳይሆን አባባ ናቸው፣ በነገራችን ላይ ከዛ ቀን ጀምሮ ቢሮው ውስጥ ማን ማንን እንደሚያማክር ግራ የሚያጋባ ሆኗል።

ወሩን የመረጥንበት ነገር በጣም ደስ ብሎኛል፣ ፈረንጅ ኤጀንት በጭራሽ ሊያስበው የማይችለው ነው። ልጁ መጀመሪያ ክረምታቸውን ሰረዘ፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ሰሜን አትላንቲክ ማዕበሉ ከባድ ነው። ቀጥሎ እማዬን «እትዬ፣ ጾሙን እንዴት እናድርገው?» አላት። ዐቢይ ጾም ላይ እንዳይውል፣ የሰኔ ጾምም ላይ እንዳይውል፣ ፍልሰታ ላይ ደግሞ እማዬ ቤቷን ለቃ አትሄድም። የቀረው ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕና ዓርብም የማይጾምበት፣ እሱ ደግሞ ግንቦት ላይ ሲውል ማዕበሉም የሚቀንስበት ሆነ። አንድ ቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ የፈረንጁን በሰማያዊ የኛን እያደረገ ነው ያሳየን። ለሚጾም ሰውም ቢሆን መፍትሔ አለው፣ መርከቧ ላይ ከሥጋና ከወተት ነፃ የሆነ ምግብ ስላለ አስቀድሞ ማሳወቅ ነው፣ ግን እማዬ «ዘይቱ ከምን እንደሆነ ማን አየልኝ» ስላለች በዓለ ሃምሳው አሸነፈ።

ታይታኒክ ሳይነሳ አልቀረም በርግጥ። እማዬ አንገቷን ዘንበል አድርጋ «ያቺ የሰጠመችው በዚሁ መንገድ አይደለም እንዴ?» አለች። ልጁ አልዋሻትም፣ ወደቡም አንድ ነው፣ ሳውዝሃምፕተን፣ 1912 ሚያዝያ፣ አለ። ከዛ በኋላ ግን ለሁሉም ሰው የሚበቃ የነፍስ አድን ጀልባ ግዴታ ሆነ፣ በረዶውን የሚከታተል ዓለም አቀፍ ጥበቃም ከ1914 ጀምሮ አለ፣ በረዶ በሚበዛበት ወቅት መርከቦች ወደ ደቡብ ወረድ ብለው ያልፋሉ። እዚህ ጋ አባባ ተቀበሉት፣ የላብራዶር ቀዝቃዛ ፍሰት ከሰሜን በረዶውን ይዞ ይወርዳል፣ የባሕረ ሰላጤው ሙቅ ፍሰት ከደቡብ ይወጣል፣ ኒውፋውንድላንድ አጠገብ ሲገናኙ ጉም ይሆናል፣ ስለዚህ በግንቦት ማዕበል ባይኖር እንኳ ጉም ታያላችሁ፣ መርከቧም ጥሩምባዋን እየነፋች ነው የምትሄደው። እማዬ «ለሊቱን ሙሉ?» አለች። ማንም አልመለሰላትም።

ካቢን ስንመርጥ የነበረውን ባታዩት ነው የሚቆጨው። የቢሮው ፕሪንተር ከኤፎር በላይ አያወጣም፣ ስለዚህ ልጁ የመርከቧን ፕላን ቆራርጦ ፕሪንት አድርጎ በስኮች ቀጣጥሎ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፣ ጫፉ እንዳይጠቀለል በስኒ ያዘው፣ አባባ መነጽራቸውን አውልቀው በማስመሪያ ከመካከሉ እስከ ጫፉ ይለካሉ። ምክንያቱም የመርከብ መወዛወዝ እንደ ቦታው ነው፣ መሃል ላይና ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ያለ ካቢን ትንሽ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ወደ አፍንጫውና ወደ ጭራው ስትሄዱ ግን ከፍ ዝቅ ይላል። ከጎን እንደ ክንፍ የሚወጡ ስታቢላይዘር የሚባሉ ብረቶች አሏት፣ እነሱ ወደ ጎን መንገዳገዱን ነው የሚቀንሱት፣ የፊትና የኋላውን ግን አይከለክሉትም። ርካሹ መስኮት የሌለው ካቢን ነው፣ እማዬ ያለ መስኮት አልተኛም አለች። 8ኛው ፎቅ ላይ በረንዳ ያላቸው ርከስ ብለው ነበር፣ ልጁ ፕላኑን አሳይቶን ፊት ለፊታቸው የነፍስ አድን ጀልባ እንደተሰቀለ ነገረን፣ ባሕር ብላችሁ ከፍላችሁ የጀልባ ጣራ ታያላችሁ አለ። በመጨረሻ የወሰድነው ዝቅ ያሉት ፎቆች ላይ ያለውን ነው፣ በረንዳው በመርከቧ ገላ ውስጥ የተቆረጠ፣ ፊቱ ሙሉ ብረት የሆነ፣ ቁጭ ስትሉ ባሕሩ አይታይም ስትቆሙ ብቻ ነው የሚታየው፣ ነፋሱም ይቀንሳል። አባባ ትንሽ ቅር አላቸው፣ እማዬ ግን ብረቱን ስትሰማ ነው እሺ ያለችው።

ስም ላይም ጥንቃቄ አድርጎልናል። የመርከቡ ፎርም የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፣ ወንድሜ ፈረንጅ አገር ኖሮ ለምዶት ሁለቱንም በአባባ ስም ሊሞላው ነበር፣ ልጁ አይሆንም አለ፣ እማዬ ፓስፖርቷ ላይ ያለው የራሷ አባት ስም ነው፣ ቲኬቱና ፓስፖርቱ ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። ባልና ሚስት መሆናቸውን ለሚጠይቅ የጋብቻ ሰርተፊኬቱ ትርጉም በክላሰሩ ውስጥ አለ።

ሰዓትም እንደዚሁ። ወረቀቱ ላይ በሁለቱም ጻፈላቸው፣ መሳፈሪያ 13:00 ማለት 7 ሰዓት፣ እራት የመጀመሪያው ዙር 18:00 ማለት ማታ 12 ሰዓት፣ ሁለተኛው 20:30 ማለት 2 ሰዓት ተኩል (የመጀመሪያውን ነው የያዝንላቸው፣ በ2 ሰዓት ተኩል እማዬ ተኝታለች)። የኒውዮርክና የእንግሊዝ ልዩነት 5 ሰዓት ስለሆነ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ 5 ሌሊት ሰዓታችሁን በአንድ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትመልሳላችሁ፣ ማለትም አንዳንዱ ቀን 25 ሰዓት ነው። ለዚህ ነው በመርከብ የሄደ ሰው ሲደርስ እንቅልፉ የማይዛባው። የእማዬ የግፊት ኪኒን ግን በስንት ሰዓት ይወሰድ የሚለውን ሐኪሟን ጠይቁ ብሎ ነው የላከን፣ ከራሱ አልቀባጠረም፣ ይሄም ደስ ብሎኛል።

ልብስ። መርከቧ ላይ ከማታ 12 ሰዓት በኋላ ደህና አድርጎ መልበስ ነው፣ በጉዞው ውስጥ ደግሞ ጋላ የሚሉት ምሽት አለ፣ ወንዱ ጥቁር ሱፍ ሴቷ ረጅም ቀሚስ። የማይፈልግ ሰው ቡፌው ጋ ሄዶ ይበላል፣ ግዴታ አይደለም። ልጁ ግን የአገር ባህል የክት ልብስም እንደሚቆጠር አንብቦ ነግሮን እማዬን ያሳመናት እሱ ሳይሆን አይቀርም፣ ሸማኔ ጋ ሄዳ ጥበቡን ራሷ መርጣ አሁን ጥልፉ ላይ ናቸው። አባባ የድሮ ሱፋቸውን አጥብበውታል (ሰፊው «መምህር ከሱ እኮ» አላቸው፣ አልወደዱትም)።

ቡና ላይ ግን መጥፎ ዜና ነው። ካቢን ውስጥ ከሰል፣ ዕጣን፣ ሻማ፣ የኤሌክትሪክ ማፍያ፣ ካውያ ምናምን ክልክል ነው፣ ውቅያኖስ መሃል እሳት ቀልድ አይደለም። እማዬ ጀበናውን ይዛ ወንድሜ ጋ ታፈላለች፣ መርከቧ ላይ ያገኘችውን ትጠጣለች።

ውስጧ ስላለው ነገር ብዙ አላወራም፣ ቤተ መጻሕፍት አላት፣ ኮከብ የሚታይበት ፕላኔታሪየም አላት፣ አባባ ለነዚህ ሁለቱ ነው የሚሄዱት። የውሻ ክፍልም አላት፣ በፈረንጅ ከ2016 እድሳት በኋላ 24 ደርሷል፣ ቶሎ ነው የሚሞላው አሉ፣ ለውሾቹም እግራቸውን የሚያነሱበት የእንግሊዝ የመብራት ምሰሶና የአሜሪካ የእሳት አደጋ ቧንቧ ቆሞላቸዋል። እማዬ ይሄን ስትሰማ አማተበች።

እሺ አሁን ያቺ የቀነስኳት ኮከብ። አንደኛ ጉምሩክ። እማዬ ለልጅ ልጆቿ ቋንጣና የተነጠረ ቅቤ አዘጋጅታ ነበር፣ ቢሮው ስለዚህ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ ከሆነ አገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በሻንጣ አታስገባም፣ አሜሪካም ቋንጣችንን አታስገባም፣ ይሄን የነገረን ወንድሜ ነው። በቀጥታ አሜሪካ ለሚሄድ አንድ ጉምሩክ ነው፣ በዚህ መንገድ የሚሄድ ግን ሁለት አገር ስለሚገባ ሁለት ጉምሩክ ነው፣ ጎንደር ያለ የጉዞ ቢሮ ደግሞ የሐበሻ እናት ሻንጣ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ነበረበት። በርበሬና ሽሮው ይሄዳል፣ ግን አሜሪካ ሲደርሱ ፎርሙ ላይ ምግብ ይዣለሁ ማለት ነው፣ መደበቅ የለም። ደግሞ «መርከብ ላይ ኪሎ አይመዘንም የፈለጋችሁትን ያዙ» ብሎ እማዬን ማስጎምጀቱ ልክ አልነበረም፣ መርከቧ ባትመዝንም ለንደን የሚያደርሳቸው አውሮፕላን ይመዝናል፣ እዛ ላይ ሁለት ሁለት 23 ኪሎ ነው፣ አለቀ።

ሁለተኛ ኢንሹራንስ። ለቪዛ የሚሸጠውን ተራውን ነው ዝም ብሎ ያቀረበልን፣ እኔ ነኝ አንብቤ የባሕር ጉዞ ይጨምራል ወይ ብዬ የጠየቅኩት፣ አይጨምርም። ብዙ የጉዞ ኢንሹራንስ መርከብን ለብቻ ካልጨመራችሁ አይሸፍንም፣ መርከቧ ላይ ሐኪም ቤት አለ ግን በነፃ አይደለም፣ ውቅያኖስ መሃል ደግሞ ሄሊኮፕተር የማይደርስበት ቦታ አለ። የግፊት በሽተኛ ለሚልክ ሰው ይሄ ከቲኬቱ ቀጥሎ የሚመጣ ነገር ነው እንጂ እኔ የማስታውሰው መሆን አልነበረበትም። ከጠየቅኩ በኋላ ግን ሳያኮርፍ የሚሸፍነውን ፈልጎ አመጣ፣ ይሄንንም ልናገርለት።

ሦስተኛ የአገልግሎት ክፍያውን አስቀድሞ አይናገርም፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ብዙ አይደለም፣ ለሰራው ስራ ደግሞ ይገባዋል፣ ግን ሰው ከመጀመሪያው ቢያውቀው ምን አለበት። እና ቴሌግራም ላይ ረጃጅም ቮይስ ነው የሚልከው፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ስሰማው ግማሹን አባባ ናቸው የሚተረጉሙልኝ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ቢሮው መርከቡን ራሱ አይሸጥም፣ የካቢኑን ቁጥርና ቀኑን መርጦ ይሰጣችኋል፣ የሚከፍለው ውጭ አገር ያለ ሰው በራሱ ካርድ ነው፣ እኛም ወንድሜ በቪዲዮ እየተያየን ነው ቡክ ያደረገው። ብራችን በኛ በ2016 ሐምሌ ከተንሳፈፈ ወዲህ በዶላር የሚጠራ ነገር ለጡረተኛ የሚቀመስ አይደለም፣ ስለዚህ ውጭ ሰው ከሌላችሁ ይሄ ነገር ይከብዳል፣ እውነቱን ነው። ቲኬቱ ካቢኑን፣ ምግቡንና መዝናኛውን ይይዛል። የማይዘው ለስላሳና መጠጥ፣ ኢንተርኔት፣ ሕክምና ነው፣ ለሰራተኞቹ ጉርሻም በየቀኑ በሰው ልክ ሒሳባችሁ ላይ ይደመራል፣ ይሄን ልጁ ቀድሞ ጽፎልናል። ስልካቸውንም ከሳውዝሃምፕተን ሲወጡ ኤርፕሌን ሞድ አድርጉት፣ የባሕር ላይ ኔትወርክ ሳታውቁት ሒሳብ ይቆልላል ብሏል፣ አሁን እማዬን ኤርፕሌን ሞድ እያለማመድናት ነው፣ አውሮፕላን ሳይኖር ለምን እንደሚባል ማስረዳት አቅቶናል።

የመጨረሻ ያስረገጠልን ነገር፣ መርከቧ በምትነሳበት ቀን ለንደን አትድረሱ። ቀድመው ገብተው ሳውዝሃምፕተን ያድራሉ፣ ከሂትሮው ቀጥታ አውቶቡስ አለ። እኔ ለሆቴል ገንዘብ መጨመሩ አናዶኝ ነበር፣ አሁን ስጽፈው ግን በረራ ከጎንደር ራሱ ስንቴ እንደሚሰረዝ ለምታውቁ ሰዎች ማብራራት አያስፈልገኝም።

ለማን ይሆናል ካላችሁ፣ ጊዜ ላለው፣ ውጭ ከፋይ ላለው፣ ረጅም በረራ ለሚከብደው ሰው አሪፍ ነው፣ ለቸኮለ ሰው አይሆንም። ቢሮዋን ግን ለመርከብ ብቻ ሳይሆን በእንግሊዝ በኩል ለሚያልፍ ማንኛውም ጉዞ እመክራታለሁ፣ ጉምሩኩንና ኢንሹራንሱን ራሳችሁ ጠይቁ እንጂ። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት መብራት ሲጠፋ ፕሪንተሩ አይሰራም። ፓስፖርት ኦሪጅናሉን ያዙ፣ የስልክ ፎቶ አይቀበልም።